ስለ ስቴም ሴል መርፌ ሰፈራችን የሚወራው እና እውነታው

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሯጮች ይሰባሰባሉ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መኖሪያዬም እዚሁ ስለሆነ ብዙዎቹን የማውቃቸው በጉዳታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ መንገድ ዳር ካለችው ጀበና ቡና ደጃፍ ላይ አስቆመኝ። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት አሳየኝ። እንደ ሽንብራ ቋጥሯል። ቀጥሎ ስልኩን አወጣ። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ማስታወቂያ ነው፦ አንድ የስቴም ሴል መርፌ፣ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሩጫ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ብሩን ልላክልህ ብሎኛል። ልሂድ?»

ጎረቤቴ እማማም ስለ ጉልበታቸው ይህንኑ ጠይቀውኛል። ለሁለቱም የነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው።

«መርፌው አዲስ ልም አጥንት ያበቅላል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ስቴም ሴል፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚባለው፣ ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ልም አጥንት፣ መገጣጠሚያ ላይ የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር፣ ደግሞ የደም ሥር የለውም። አንዴ ካለቀ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ «ሕዋሱን ብንወጋውስ?» ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት እውነትም ወደ ልም አጥንት ይለወጣሉ። ጉልበት ውስጥ ሲወጉ ግን አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ። የሚሠሩት ነገር ካለም ለአካባቢው ሕዋሳት መልእክት መላክ ነው። በ1991 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) «ሜሰንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም የሰጡት አርኖልድ ካፕላን እንኳ በ2017 ስሙ ሰውን እያሳሳተ ነውና ይቀየር ብለው ጽፈዋል።

በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጉልበታቸው የተበላ 475 ሰዎችን ተከታትሏል። ሦስት ዓይነት የሕዋስ መርፌ ከተለመደው እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ ጋር ተወዳደረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመም ማስታገስ ከስቴሮይዱ የበለጠ አልተገኘም። ልብ በሉ፣ በሁሉም ቡድን ያሉ ሰዎች ተሽሏቸዋል። ስለዚህ «ተወግቼ ተሻለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ውሸታም አትበሉት። የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል። ሰው መርፌ የሚወጋው ደግሞ ሕመሙ በባሰበት ሰሞን ነው።

«ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ስቴም ሴል ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ፒአርፒ የሚባለው የራሳችሁ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ የሚወጣ በፕሌትሌት፣ ማለትም ደምን በሚያረጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ የበለጸገ ፈሳሽ ነው። የስቴም ሴል ሕክምና አይደለም። ከመቅኔ የሚቀዳውም ቢሆን ከ10,000 ሕዋስ ውስጥ ስቴም ሴል የሚሆነው ቢበዛ አንድ ነው። ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ ተዘጋጀ ተብለው ከሚሸጡት ሲመረመሩ ሕይወት ያለው ስቴም ሴል ያልተገኘባቸው አሉ። ልጁን ያልኩት ይህን ነው፦ ብሩ ከመላኩ በፊት «የምትወጉኝ ምንድን ነው? ከየት የመጣ ነው?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ።

«ከፅንስ ስለሚወሰድ ኃጢአት ነው»

የእማማ ስጋት ይህ ነበር። የንስሐ አባታቸውን ሊጠይቁ ነበር። የመገጣጠሚያ ክሊኒኮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት የታካሚውን መቅኔ ወይም ስብ፣ አለበለዚያም ከወሊድ በኋላ የተለገሰ እትብት ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም መርፌ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። የራስ ሕዋስ መሆኑ ከዚህ አያድንም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ መርፌ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ከተወጋችሁ በኋላ ቦታው ከቀላ፣ ካተኮሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ነገ አትበሉ። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ገንዘቡም ሌላ ጉዳት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ አንድ መርፌ ይባላል፣ ከዚያ «ሁለተኛው ያጠነክረዋል»፣ ከዚያ ሦስተኛ። የሰው የልፋት ገንዘብ እንዲህ ሲያልቅ ማየት ያመኛል።

«እንግዲያው ስቴም ሴል ማጭበርበሪያ ነው»

ይህም ስህተት ነው። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የደም ካንሰር ታማሚዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያድን ኖሯል። ያም የስቴም ሴል ሕክምና ነው። ደቡብ ኮሪያም በ2012 ከእትብት ደም ለተዘጋጀ የጉልበት ልም አጥንት ሕክምና ፈቃድ ሰጥታለች፤ እሱ ግን በቀዶ ጥገና የሚቀመጥ እንጂ እንዲሁ የሚወጋ አይደለም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለመገጣጠሚያ ጉዳት የፈቀደው የስቴም ሴል መርፌ የለም።

«የተበጠሰ ጅማት ይገጥማል፣ ቶሎም ያሮጣል»

ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ የጉልበት ጅማትን መልሶ የሚያያይዝ መርፌ የለም። መንገዱ ወይ ቀዶ ጥገና ወይ ጠንካራ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ኳስ ለመመለስ 9 ወር መታገስ ያስፈልጋል። ለሯጮች ደግሞ ሌላም አለ። የፀረ ዶፒንግ ድርጅቱ ዋዳ ከሚከለክላቸው ነገሮች መካከል በሕዋስ የሚደረግ ዶፒንግ ይገኛል። ፒአርፒ በ2011 ከክልከላው ወጥቷል፤ ስቴም ሴል ግን ሳይጠየቅ የሚወጉት ነገር አይደለም።

«መርፌ ካልሆነ ያለው ወጌሻ ብቻ ነው»

ወጌሻ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ደጃፍ ነው፣ አልነቅፍም። ግን ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ሆስፒታልም ይኬድ።

ለእማማ ጉልበት ዋናው መድኃኒት የጭን ጡንቻ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጅ ሳያስደግፉ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ክብደትም አለ፦ አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይቀንሳል።

ለልጁ ያሳየሁት እዚያው ቡና ቤቷ ደረጃ ላይ ነው። ጣቶቹን ደረጃው ጠርዝ ላይ አቆመ። በደህናው እግር ወደ ላይ፣ በታመመው ተረከዝ ቀስ ብሎ ወደ ታች። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በ1998 በስዊድን ሯጮች ላይ ተሞክሮ የሠራ ዘዴ ነው። ሰባተኛው ላይ ፊቱ ተኮማተረ።

«ያማል፣ ጋሼ።»

«ትንሽ ያማል። እየባሰ ከሄደ ንገረኝ።»

ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሲኒ ይዛ ቆማ ትቆጥርለት ጀመር። ስምንት። ዘጠኝ።