የአይሪሽ ዕድል? አይ ዕድል!

ባለፈው መጋቢት 8 አንድ ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ሱቅ ሎተሪ ፍቆ 200 ዶላር ደረሰው። ራሱ ላይ አረንጓዴ ኮፍያ ደፍቷል። ከኮፍያው ጋር የተሰፋው ቀይ ጺም አገጩ ላይ ይወዛወዛል። «ላክ ኦፍ ዘ አይሪሽ!» ብሎ ጮኸ። የአይሪሾች፣ የአየርላንድ ሰዎች ዕድል ማለቱ ነው። ቀኑ የእነሱ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ስለሆነ ቲሸርቱም፣ ኩባያውም፣ የልጆች ካልሲውም ያንኑ ይላል። እኔ ግን አባባሉ እንዲህ ሲነገር ጆሮዬን ይኮሰኩሰኛል።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ድንች እናውራ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምዕራብ አየርላንድ ገበሬ አብዛኛው ጭሰኛ ነበር። ጥሩው መሬት ለባለርስቱ እህልና ከብት ነው። ለእሱ የሚተርፈው ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ሣሩ ላይ ፍግ ያነጥፋል። ፍግ ካጣ ከባሕር ዳር የባሕር ሣር በጀርባው ተሸክሞ ያመጣል። የድንቹን ዘር እዚያ ላይ ይደረድርና ከግራና ከቀኝ ያለውን ሣር ከነአፈሩ ገልብጦ ያለብሰዋል። የተቆፈረው ቦይ ውሃውን ያወርዳል። የእነዚያ መደቦች ጠባሳ እስከ ዛሬ ሜዮ ተራሮች ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ ልፋት በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ? «የሰነፍ መደብ»!

አሮጌው ድንች አልቆ አዲሱ ሳይደርስ የሚመጣውን ወር «የራብ ሐምሌ» ይሉታል። ይሄን ሳነብ ጎጃም ያለችው አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። የእኛ ነሐሴ ላይ ነው። ጎተራው ሲራቆት ጓሮ ትወርዳለች። ድንቹን አትነቅለውም። ሥሩ ሥር እጇን ሰድዳ ትዳብሳለች፣ ትልልቁን ብቻ ታወጣለች፣ ትንንሹ እንዲያድግ አፈሩን መልሳ ትከድንለታለች። እጇ ሲወጣ እስከ ክንዷ ጥቁር ጭቃ ነው።

አየርላንድ ውስጥ ከ1845 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እጃቸውን የሰደዱት ያገኙት የበሰበሰና የሚገማ ነገር ነበር። ዋግ መታው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ያን ጊዜም እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር።

የአባባሉን ምንጭ ወደ ማዕድን ቆፋሪዎች የሚወስዱት አሉ። በ1873 ኔቫዳ፣ ቨርጂኒያ ሲቲ ላይ የደብሊኑ ተወላጅ ጆን ማካይ፣ የታይሮኑ ጄምስ ፌርና ሁለት ሸሪኮቻቸው ትልቅ የብር ክምችት አገኙ። «ዕድለኞች» ተባሉ። ማካይ ግን ዓመታት ሙሉ ዶማ ጨብጦ የቆፈረ ሰው ነው። ሙያ አለው ላለማለት ዕድል አለው ማለት ይቀላል።

የእኔ ግምት ሌላ ነው። በሬው ሲሞትብን፣ ዝናቡ ሲቀርብን «አይ ዕድል!» እንል የለ? ላክ ኦፍ ዘ አይሪሽም ያችው ናት። ምሬት ናት። በስደተኞቹ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ከንፈር ተመጦ የተባለች ትመስለኛለች። ማስረጃህ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ አያቴ ናት።

በዓሉ ሲመጣ ቲሸርት ላይ የሚታተመው የመጠጥ ጠርሙስም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1871 ቶማስ ናስት የተባለው ዝነኛ ካርቱኒስት አንድ አይሪሽ ባሩድ በርሜል ላይ አስቀምጦ ሳለ። ፊቱ የዝንጀሮ ነው፣ እጁ ላይ ጠርሙስ አለ። ዝንጀሮው ዛሬ ቀርቷል፣ ጠርሙሱ ግን ቲሸርት ላይ ሆኖ 20 ዶላር ይሸጣል። አየርላንድ ራሷ ከ1927 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን መጠጥ ቤቶቿን በሕግ ትዘጋ ነበር። ደግሞ ቀኑ የሚውለው በእነሱም ዐቢይ ጾም ወቅት ነው! ኮፍያው የተወሰደበት ጺማም ድንክ እንኳ በተረታቸው ጫማ ሰፊ ነው። መዶሻውን ይዞ ሲሠራ እንጂ ሎተሪ ሲፍቅ አልተተረተለትም።

ለጓደኛዬ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። ከሱቁ ስንወጣ መኪናው የለችም። ለካ የማይቆምበት ቦታ አቁሟት ኖሮ፣ ጎትተው ወስደዋታል። ጺሙን ከአገጩ ወደ ታች ሳብ አደረገና «አይ ዕድሌ!» አለ።

«አሁን በትክክል አልከው» አልኩት።