«ኮፊ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«ኮፊ» የእንግሊዝኛው የቡና ስም ነው። ፍሬው ኮፊ ነው፤ ተቆልቶ የተወቀጠውም ኮፊ ነው፤ ስኒ ውስጥ የተቀዳውም ያው ኮፊ ነው። ሰው «ለኮፊ እንገናኝ» ሲባባል ደግሞ ዋናው ጉዳይ ጨዋታው ነው። እኛም «ቡና ጠጡ» ተባብለን ስንጠራራ እንደዚያው ነን። የቡና አገር ሰው የዚህን ቃል ታሪክ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የተሟላ ነገር በአማርኛ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ያገኘሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በ1598 ከደች ቋንቋ የተተረጎመ አንድ የጉዞ መጽሐፍ መጠጡን በዓረብኛ ስሙ ያነሳዋል። በ1601 ደግሞ ዊሊያም ፓሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ «ኮፌ» ብሎ ጻፈው። የሰናፍጭ ፍሬ ከሚመስል ዘር የሚሠራ መጠጥ ነው ይላል። አእምሮን ቶሎ እንደሚያሰክርም አክሏል፤ ያመሳሰለውም እንደኛ ጠጅ ከማር ከሚጠመቅ የአገሩ መጠጥ ጋር ነው። ሌላው እንግሊዛዊ ተጓዥ ጆርጅ ሳንዲስ በ1610 በቱርክ ግዛት ሲያልፍ ቀምሶት ኖሮ፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ጣዕሙም ከጥላሸት ብዙ የማይርቅ ነው አለ። አቦል ቢቀርብለት ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። አጻጻፉም ለረጅም ጊዜ አልረጋም፤ አንዱ «ኮፋ»፣ ሌላው «ካህቬ» ይል ነበር።

ያረጋው ቡና ቤቱ ነው። በ1650 ኦክስፎርድ ውስጥ፣ በ1652 ደግሞ ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ተከፈተ። የለንደኑን የከፈተው ፓስኳ ሮሴ ነበር። እሱም የ«ኮፊን» ጥቅም የሚዘረዝር ወረቀት አሳትሞ አሠራጨ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የከተሜ ሁሉ አፍ ላይ ገባ። ሰዉ እዚያ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፣ ይነግዳል፣ መንግሥትንም ያማል። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በታኅሣሥ 1675 መጨረሻ ላይ ቡና ቤቶቹ እንዲዘጉ አዋጅ አስነገረ። ሕዝቡ ስለተቆጣ ግን አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በቀናት ውስጥ ተነሳ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ የመድን ገበያም የተወለደው ከአንድ ቡና ቤት ነው።

የድምፁ ጉዞ ይህን ይመስላል። ዓረቦቹ «ቀህዋ» አሉ። ቱርኮቹ «ዋ»ን ወደ «ቬ» ለውጠው «ካህቬ» አሉት። ደቾቹ «ኮፊ» አደረጉት፤ እንግሊዝኛውም ከእነሱ የወሰደው ይመስላል። እዚህ ድረስ ብዙ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ የሚጀምረው «ቀህዋ» ከየት መጣ ሲባል ነው።

የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃሉን የምግብ ፍላጎት ከመቀነስ ጋር ያያይዙታል። «ቀህዋ» ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር። ከ1,200 ዓመት በፊት የኖረው አቡ ኑዋስ በግጥሞቹ ውስጥ ወይንን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ያሉ ሱፊዎች (የእስልምና መናንያን) ሌሊት ለዚክር፣ ማለትም የፈጣሪን ስም ለማውሳት፣ ነቅተው ለማደር ቡና መጠጣት ሲጀምሩ፣ የድሮው ስም ለአዲሱ መጠጥ ተሰጠ። በ1511 መካ ላይ ቡና ሲከለከልም ክርክሩ ያሰክራል አያሰክርም የሚል ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ ቃሉ የመጣው ከካፋ ነው የሚለው ነው። እኔም ልቤ ወደዚህ ያደላል። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው የሚበቅለው በዚያ ጫካ ነው። ዩኔስኮም በ2010 የካፋን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ደግሞም ዕቃ በመጣበት አገር ስም መጠራቱ ያለ ነው። «ሞካ» የሚባለው የቡና ስም የየመን ወደብ የአል ሙኻ ስም አይደለም እንዴ? ይሁንና አብዛኞቹ የቋንቋ ምሁራን ከዓረብኛው ወገን ናቸው። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ማለታቸውም ለካፋው ሐሳብ ያስቸግራል። የፍየል እረኛው የካልዲ ታሪክ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ተረቱ በ1671 ሮም ውስጥ ሲታተም የእረኛው ስም እንኳን አልነበረበትም።

የእኛው «ቡና» ግን ሩቅ ሄዷል። በአማርኛና በኦሮምኛ «ቡና»፣ በትግርኛ «ቡን» ይባላል። ዓረቦችም መጠጡን «ቀህዋ» ይበሉት እንጂ ፍሬውን «ቡን» ነው የሚሉት። ፍሬው ከእኛ ከተሻገረ ስሙም አብሮት ተሻግሯል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። በምላሹ ደግሞ ከዓረብኛ የወሰድነው አለ። ሦስተኛው ስኒ «በረካ» ያው የዓረቦቹ በረከት ነው፤ «አቦል»ም «የመጀመሪያ» ከሚለው ቃላቸው የመጣ ይመስላል።

ከዚሁ ግንድ የወጡ ዘመዶችም አሉት። «ካፌይን» የሚለው ስም ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ንጥረ ነገሩን ነጥሎ ካወጣ በኋላ የመጣ ነው። «ካፊቴሪያ» በአሜሪካ ስፓኒሽ በኩል ገባ። «ካፌ» ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በር ላይ «ካፌ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ከበሩ ሥር ግን አንዲት እናት ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ከሰል አያይዘው፣ «ጀበና ቡና» ይሸጣሉ። አንዱ መጠጥ በሁለት ስም እዚያው ይቀዳል።

የካፋ ምድር ለእንግሊዝኛው የቡና ቋንቋ ቃል ሰጥቷል ከተባለ፣ ጠንከር ያለው ምሳሌ «ጌሻ» የተባለው የቡና ዓይነት ነው። በ1930ዎቹ ከዚያ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። በ2004 ፓናማ ውስጥ በጨረታ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። እንግሊዝኛው የሚጽፈው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጃፓኖቹ «ጌይሻ» አድርጎ ነው። ስለዚህ ብዙ ጠጪ ቃሉ ጃፓንኛ ይመስለዋል። ጌሻ ግን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የጫካ አገር ነው።