በመልክ መጠርጠር ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ደሴ ሰኞ ገበያ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ልጇም አለ። ወሬ ወሬን እያነሳ፣ እዚያ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው እንዴት እንደሚሆን አሳየን። ሁለት እጁን ዘርግቶ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹን በታተነ። ፖሊሱ ካላዘዘው እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ቀበቶውን እንኳ አይፈታም።

አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች «ምን አጥፍተህ ነው ልጄዋ?» አለችው።

«ምንም።»

«ኧረ ያለ ነገር ማን ያስቆማል?»

የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ፈረንጆቹ ነገሩን «ሬሻል ፕሮፋይሊንግ» ይሉታል። እኔ በመልክ መጠርጠር እለዋለሁ። ፖሊስ አንድን ሰው ባደረገው ነገር ሳይሆን በቆዳው ቀለም ወይም በዘሩ ሲያስቆመው፣ ሲፈትሸው፣ ሲከታተለው ማለት ነው። «ቀይ ጃኬት የለበሰ ረጅም ጥቁር ወጣት ሱቅ ሰብሮ በዚህ በኩል ሮጠ» ተብሎ ያንን ሰው መፈለግ ከዚህ አይቆጠርም። ወንጀሉ አለ፣ ምልክቱም አለ። ሰውየውን አስቀድሞ ይዞ ወንጀሉን ኋላ መፈለግ ግን እሱው ነው።

ድሮ በእኛ አገር ሌባው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ሁሉም ይጉላላል። እንዲመለስ አልመኝም፣ ብዙ ንጹሕ ሰው አሰቃይቷል። ሆኖም ጥርጣሬው የሚያርፈው በመንደሩ ሁሉ ላይ ነበር። በመልክ መጠርጠር ማለት ከመንደሩ የአንድ ወገን ልጆችን ብቻ ለይቶ፣ ዕድሜ ልካቸውን አውጫጭኝ ላይ ማስቀመጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ «መብቱ እኩል ነው፣ ሕጉ አለ፣ ታዲያ ምን ቀረ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሕጉስ በእርግጥ አለ። በሕግ እኩል መጠበቅን ያወጀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ በ1868 ጸደቀ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. ነው)። የሲቪል መብቶች ሕግ ደግሞ በ1964 ወጣ። ይህን የሚሉት ሁሉ ክፉ ናቸው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

ግን በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ወሰነ። ሹፌሩ የትራፊክ ሕግ እስከጣሰ ድረስ፣ ፖሊሱ በሆዱ ምን አስቦ እንዳስቆመው ማስቆሙን ሕገ ወጥ አያደርገውም። አስቡት። ፍሬቻ የማይረሳ ሹፌር የት አለ? ትንሽ ከፍጥነት የማያልፍስ? ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነ፣ ማንን ማስቆም እንዳለበት የሚመርጠው ፖሊሱ ነው።

«ፖሊስ ወንጀል ወዳለበት ይሄዳል» የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው፣ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። የኒውዮርክን ጉዳይ እንየው። ከ2004 እስከ 2012 ድረስ ፖሊስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ እግረኞችን አስቁሟል። ከመቶ 83ቱ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው። ከከተማው ሕዝብ ግን ግማሽ ያህል ነበሩ። ታዲያ ጥርጣሬው ልክ ቢሆን ጥቁሮቹ ላይ ብዙ መሣሪያ መገኘት ነበረበት። የሆነው ሌላ ነው። ከቆሙት 1000 ጥቁሮች 10 ያህሉ ላይ መሣሪያ ተገኘ። ከ1000 ነጮች ደግሞ 14 ያህሉ ላይ። ነጩን ለማስቆም ጠንከር ያለ ምክንያት ይፈለግ ነበር ማለት ነው፤ ጥቁሩን ለማስቆም በትንሹም ይበቃ ነበር። ዳኛ ሺራ ሺንድሊን በ2013 አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ወደ 95 ሚሊዮን የሚጠጉ የትራፊክ ማስቆሞችን መረመሩ። ሲጨልም የሹፌሩ መልክ በቀላሉ አይለይም። ከሚቆሙት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻም ሲጨልም ቀነስ ይላል። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ፖሊሱ ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ነገሩን ያስታል። ጥቁር ፖሊስም ጥቁሩን ለይቶ ሊያስቆም ይችላል። ልምድ ነው፣ ሥልጠና ነው፣ «ዛሬ ስንት ፈተሽክ?» የሚል አለቃ ነው። የእኛንም ልጆች ነክቷል። እስራኤል ውስጥ በ2015 ፖሊሶች የኢትዮጵያ ዝርያ ያለውን ወታደር፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሲደበድቡት በቪዲዮ ታይቶ ትልቅ ተቃውሞ ተነስቷል።

እኛ ጋስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይደነግጋል። የቆዳ ቀለም እኛን አይለየንም። ስም ግን ይለያል፣ አነጋገርም ይለያል። አንዴ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አንድ ኬላ ላይ የሁላችንም መታወቂያ ታየ። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ሁለት ቃል አናገሩትና «አንተ ውረድ» አሉት። ቦርሳው ተዘረገፈ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ጠበቅነው። ምንም አልተገኘበትም። ተመልሶ ገባና «አስጠበቅኳችሁ፣ ይቅርታ» አለን። ሁላችንም መታወቂያችንን ከተን ነበር። እሱ ግን ቀጣዩን ኬላ እስክናልፍ በእጁ እንደያዘው ነበር።