የፍል ውሃ መንገድ፦ በአይስላንድ ደጋ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ የአራት ቀን የእግር ጉዞ

ላውጋቬጉር በደቡብ አይስላንድ ደጋ ውስጥ የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ላንድማናላውጋር ከሚባል የፍል ውሃ ሥፍራ ይነሳና ቶርስሞርክ የተባለ ሸለቆ ውስጥ ያበቃል። ስሙ «የፍል ውሃ መንገድ» ማለት ነው። አብዛኛው ተጓዥ በአራት ቀን ይጨርሰዋል። ከ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በየጁላይ የሩጫ ውድድርም ይካሄድበታል፤ አሸናፊዎቹ ሙሉውን መንገድ በአራት ሰዓት አካባቢ ይፈጁታል። ለእግረኛ ግን መቸኮሉ ምንም ትርፍ የለውም። አገሩ በየሁለት ሰዓቱ መልኩን የሚቀይር ነው።

ቦታው እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አይስላንድ የተቀመጠችው የሰሜን አሜሪካና የዩራሺያ የምድር ቅርፊቶች በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። ሁለቱ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ክፍተቱን ከታች የሚወጣ ቅልጥ ድንጋይ ይሞላዋል። እንዲህ ያለው ነገር በአብዛኛው ውቅያኖስ ሥር የሚካሄድ ነው። በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ በደንብ ማየት የሚቻልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዷ አይስላንድ ናት፣ ሌላኛው የእኛው አፋር ነው። በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሲሰነጠቅ፣ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሶ ነበር። የዘርፉ ሳይንቲስቶች ያኔ ቶሎ ብለው ያነጻጸሩት በሰሜን አይስላንድ ክራፍላ ላይ ከ1975 እስከ 1984 ከታየው ጋር ነው። ዝምድናው በዚህ አያበቃም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አይስላንድ ውስጥ በሚሰጠው የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተምረዋል። ስለ አሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚሰማ ሰው የአይስላንድን ዋና ከተማ ሬይኪያቪክንም ቢያስታውስ አይሳሳትም።

ልዩነቱ በረዶው ላይ ነው። የአይስላንድ አንድ አሥረኛ ያህሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው፤ አንዳንዱ እሳተ ገሞራ ደግሞ እዚያው በረዶ ሥር ተኝቷል። ሲፈነዳ በረዶውን ከሥር ያቀልጠዋል። ውሃው ተጠራቅሞ በድንገት ይለቀቅና ድንጋይም ድልድይም እየጠራረገ ይወርዳል። አገሬው ለዚህ ጎርፍ «ዮኩልህሎይፕ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ የዓለም ጂኦሎጂስቶችም ቃሉን እንዳለ ተውሰውታል። ከመንገዱ በስተደቡብ ሚርዳልስዮኩል በሚባለው ግግር ሥር ያለው ካትላ ለመጨረሻ ጊዜ በከባዱ የፈነዳው በ1918 ነው። የመንገዱ ሦስተኛና አራተኛ ቀን በዚህ ግግር ጎን ነው የሚያልፈው።

ወቅቱ አጭር ነው፤ ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ። ከዚያ ውጪ ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ በበረዶ ይዘጋል። በበጋ ከሬይኪያቪክ የሚነሳ ጎማው ትልልቅ አውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ድልድይ የሌለውን ወንዝ ሳይቀር እየተሻገረ ላንድማናላውጋር ያደርሳል። ቦታው በ1979 የተከለለው የፍያላባክ ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው። ከዚያ በፊትም ባዶ አልነበረም። በበጋቸው መጨረሻ ተራራ ላይ የተበተኑትን በጎች ለመሰብሰብ የሚወጡ እረኞች ለዘመናት ያድሩበት ነበር፤ በፍል ውሃውም ድካማቸውን ያወጡበት ነበር። ዛሬም ተጓዡ የመጀመሪያው ቀን ከመጀመሩ በፊት እዚያው ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው ምንጭ ስለሚቀላቀሉ፣ ሙቀቱ ሲበዛብህ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ማለት ይበቃል።

ከመታጠቢያው በላይ በ1477 አካባቢ የፈሰሰ ጥቁር የድንጋይ ባሕር አለ። መንገዱ በመሃሉ አልፎ ወደ ብሬኒስታይንስአልዳ ይወጣል፤ «የድኝ ማዕበል» እንደ ማለት ነው። ከጎኑ ጉድጓድ እንፋሎት ይተፋል፤ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል ነው። ተራሮቹ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴና ግራጫ ናቸው። ይህን ቀለም የሚሰጣቸው ራዮላይት የሚባለው ፈዘዝ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ፍል ውሃው ለዘመናት የለወጠው አፈር ነው። ፎቶ ላይ ሰው ቀለሙን ያጋነነው ይመስላል። አልተጋነነም።

የመጀመሪያው ቀን 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ዳገት ነው። ማደሪያው ህራፍንቲኑስከር ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ህራፍንቲና ማለት ባልጩት ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የቁራ ባልጩት»። እውነትም መሬቱ ላይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት ተዘርቷል። አንስቶ ኪስ መክተት ክልክል ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላደገ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ከፍታው አያስቸግርህም። የመንገዱ ጫፍ ከመርካቶ ግማሽ ከፍታ እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረው ንፋሱና ርጥበቱ ነው። በጁላይ ህራፍንቲኑስከር አካባቢ በረዶ ላይ ትሄዳለህ፤ ጭጋግ ከወረደ ቀጣዩን የመንገድ ምልክት ማየት ያቅታል። ከማደሪያው ብዙም ሳይርቅ የድንጋይ ክምር መታሰቢያ አለ። በ2004 ጁን መጨረሻ ከእስራኤል የመጣ የ25 ዓመት ወጣት በውሽንፍር ተይዞ ያለፈበት ነው። ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀረው። አስጎብኚዎች ቡድናቸውን እዚያ ቆም ያደርጋሉ።

መንገዱን ያለ አስጎብኚ መሄድ ይቻላል። በእንጨት ችካል ምልክት ተደርጎበታል፤ ብዙ ሰውም ድንኳኑን ተሸክሞ ብቻውን ይሄደዋል። እኔ ግን ቅዝቃዜን ለማያውቅ ሰው አስጎብኚ መያዝ የገንዘብ ብክነት ነው አልልም። ከአስጎብኚ ጋር የሚሄድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ሰው ይሆናል። ትልቁን ሻንጣ፣ ስሊፒንግ ባጉንና ምግቡን ጎማው ትልቅ የሆነ ጂፕ በሌላ መንገድ ዞሮ ማደሪያው ድረስ ያደርሳል። ሰሜን ተራሮች ላይ በቅሎ የምትሠራውን ሥራ እዚያ ጂፕ ይሠራዋል። ተጓዡ የሚሸከመው የቀኑን ምሳ፣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስና አንድ ደረቅ ሹራብ ነው። ጥጥ ልብስ አይመከርም፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ።

ማደሪያዎቹን የሚያስተዳድረው በ1927 የተመሠረተው የአይስላንድ የጉዞ ማኅበር ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት ጎጆዎች በአብዛኛው በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ መንገዱም እንደ አንድ መንገድ መታወቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀላል የእንጨት ቤቶች ናቸው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። መግቢያው ላይ የረጠበ ካልሲና ጓንት ተደርድሮ ተሰቅሏል፤ የሱፍ፣ የሾርባና የላብ ሽታ ተደባልቋል። አልጋው ተደራራቢ ነው፤ ከማታውቀው ሰው ጎን ትተኛለህ። የህራፍንቲኑስከሩ ጎጆ የሚሞቀው በከርሰ ምድር ሙቀት ነው፤ ውጪው በረዶ ሆኖ ግድግዳው ለእጅ ሞቅ ይላል። የጎጆው ጠባቂ የነገውን የአየር ትንበያ ይለጥፋል፤ ሻይ ከመፍላቱ በፊት ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ሰማዩ በጁንና በጁላይ አይጨልምም፤ ዓይን መሸፈኛ ጨርቅ መያዝ ይጠቅማል።

ምግቡን አስጎብኚው ከቡድኑ ጋር ሆኖ ያበስላል። አንዱ ሽንኩርት የሚከትፍበት፣ ሌላው ሰሃን የሚያጥብበት ነው። የበግ ሥጋ ሾርባ፣ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋ ከቂጣ ጋር፣ በቅቤ የሚበላ ድርቆሽ ዓሣ፣ እንደ እርጎ ወፍራም የሆነው ስኪር አይቀሩም። ለጿሚዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ በቀጥታ ከጉዞው ወቅት መሃል ይወድቃል። ሲመዘገቡ የእንስሳት ተዋጽኦ እንደማይበሉ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ደጋው ላይ ከወጡ በኋላ ሱቅ የለም። አይስላንድ የሼንገን አባል ናት። በአውሮፓ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ግን ያስፈልገዋል።

በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ይገለበጣል። ቀለማቱ ከኋላ ይቀሩና ከፊት አረንጓዴ ሾጣጣ ተራሮች፣ አልፍታቫትን የሚባል ሐይቅ፣ ከዚያም ማዶ ነጩ ግግር ይታያል። ሦስተኛው ቀን ኤምስትሩር በተባለው የጥቁር አሸዋ በረሃ ውስጥ ያልፋል፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ማደሪያ አጠገብ ማርካርፍልዮት ወንዝ የቆረጠው ገደል አለ፤ ጥልቀቱ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል። አጥር የለውም። ዳር ድረስ መጠጋት አያስፈልግም።

የአስጎብኚ ሙያ በደንብ የሚታየው ግን ወንዝ ዳር ነው። ትልልቆቹ ወንዞች ላይ የእግር ድልድይ አለ፤ ሌሎቹን ግን በእግር ገብቶ መሻገር ነው። ከአልፍታቫትን ቀጥሎ የሚመጣው ብላፍያላክቪስል አንዱ ነው። አስጎብኚዋ ዳር ላይ ቆማ ትንሽ ዝም ትላለች። ከግግር የሚወርድ ውሃ ደፍራሽ ስለሆነ ወለሉ አይታይም፤ ጥልቀቱን የምታነበው ከላይ ከሚታየው ሞገድ ነው። ሰፋ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ጠበብ ብሎ ጸጥ ያለው ነው የሚያሰጋው። ጠዋት ውሃው ያንሳል፤ ቀን ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ይሞላል። ስለዚህ ማለዳ መነሳት ለወንዙ ሲባል ነው።

ከዚያ ጫማ ይወልቃል፤ በክሩ ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለወንዝ ተብሎ የተያዘ ሰንደል ይደረጋል፤ ባዶ እግር ድንጋዩ ያቆስላል። የጀርባ ቦርሳው የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፈታል፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳው ይዞት እንዳይሰምጥ። ሦስት አራት ሰው ክንድ ለክንድ ይያያዛል፤ ጠንካራው ውሃው በሚመጣበት በኩል ይቆማል። ዓይን የሚያየው ማዶውን ነው። ወደ ውሃው ካዩ ራስ ይዞራል። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ አጥንት ድረስ ያማል፣ ከዚያ እግር የሌለ ይመስላል። ማዶ ሲደረስ ሁሉም እንደ ሕፃን ይዘላል፤ ደሙ እስኪመለስ።

በረሃውን ለጨረሰ ሰው ቶርስሞርክ ያስገርማል። ስሙ «የቶር ጫካ» ማለት ነው፤ ቶር የጥንት ኖርዶች የነጎድጓድ አምላክ ነበር። ከሦስት ቀን ድንጋይና አሸዋ በኋላ፣ ትሮንጋ የምትባለውን የመጨረሻ ወንዝ እንደተሻገሩ የበርች ዛፍ ሽታ ይቀበላል። በግግሮች መካከል የተጠለለ ስለሆነ ነው ዛፍ የቆመበት።

ጉልበት የቀረው አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ በፊምቨርዱሃልስ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ስኮጋር ይወርዳል። መንገዱ በኤይያፍያላዮኩልና በሚርዳልስዮኩል ግግሮች መሃል ያልፋል። በ2010 ማርች 20 እሳቱ የፈነዳው እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ያኔ የተፈጠሩት ሁለት ጉብታዎች በቶር ልጆች ስም ማግኒና ሞዲ ተባሉ። ይህ ጸጥ ካለ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 14፣ ዋናው ተራራ ከበረዶው ሥር ፈነዳ። ትኩሱ ድንጋይና የቀለጠው በረዶ ሲገናኙ እጅግ ደቃቅ አመድ ወጣ፤ የአውሮፓ ሰማይም ለቀናት ተዘግቶ 100,000 ያህል በረራ ተሰረዘ። ያን ሰሞን ኤርፖርት ወለል ላይ ያደረ ያስታውሰዋል። ማግኒ ላይ የቆመ ሰው የሚረግጠው ድንጋይ ከብዙዎቹ ተጓዦች በዕድሜ ያንሳል። ከዚያ ወደ ባሕሩ የሚወስደው ቁልቁለት በፏፏቴ ላይ ፏፏቴ ነው፤ መጨረሻው 60 ሜትር ከፍታ ያለው ስኮጋፎስ ነው።

መሬቱ አዲስ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። ድንጋዩን የሚያለብሰው ሞስ የተባለ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል አንዴ ከተረገጠ ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመንገዱ መውጣት ነውር ነው፤ ከተፈቀደለት መንገድ ውጪ መኪና የሚነዳም በሕግ ይቀጣል። ግግሮቹም እየሳሱ ነው። ኦክ የሚባለው ትንሽ ግግር በ2014 ግግርነቱ አብቅቷል ተባለለት፤ በ2019 ሰዎች ተራራው ላይ ወጥተው የመታሰቢያ ጽሑፍ አኖሩለት።

የመልሱ አውቶቡስ ሬይኪያቪክ ሲገባ ተጓዡ ያንኑ ስም እንደገና ያገኘዋል። የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳናም ላውጋቬጉር ይባላል። ሥራው በ1885 ሲጀመር የተሠራው ልብስ ለሚያጥቡ ሴቶች ነበር። ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ፍል ውሃ ልብሱን፣ ባልዲውንና ሳሙናውን በጀርባቸው ተሸክመው በክረምትም በበጋም ይመላለሱ ነበር። ምንጩ ውስጥ ወድቀው የሞቱም አሉ፤ የብረት ፍርግርግ የተሠራለት ከዚያ በኋላ ነው። ፍርግርጉ ዛሬም እዚያው አለ።