«ደፋር ምሰሉ» የሚባሉ ልጆች፦ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት በገባ ቁጥር ያው ነው። ተመራቂዎች ፋይላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ከፊታችን ይቀመጣሉ፣ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» ስንል ሁሉም ያንኑ መልስ ይደግሙልናል። ታታሪ ናቸው፣ ጫና ይችላሉ፣ በቡድን መሥራት ይወዳሉ። «ድክመትህስ?» ሲባሉ «ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ አላርፍም» ይላሉ። ይህን የሚያስጠኗቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በአዳራሽ፣ አንዳንዶቹ በቲክቶክ። ምክራቸው ሲጠቀለል አንድ ነው፦ ደፋር ምሰሉ።

እኔ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ የሰው ኃይል አስተዳደር ስለሆነ ከቅጥር ኮሚቴ ወንበር ጠፍቼ አላውቅም። ሥራውን የሚችል ልጅ በዚህ ምክር የተነሳ ዓይኔ እያየ ሲወድቅ ያናድደኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ሱፍ ያልለበሰ አይቀጠርም»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው። በደሴ ብርድ የተዋሱትን ወፍራም ሱፍ ለብሰው ሚኒባስ የሚሳፈሩ ልጆች እኛ ዘንድ የሚደርሱት ላብ በላብ ሆነው ነው። የተተኮሰ ንጹህ ሸሚዝ ይበቃል። ለፋብሪካ ሥራ ከሆነ ጫማችሁ ድፍን ይሁን፤ ማሽኑ ዘንድ ወስደን ልንጠይቃችሁ እንችላለን።

አንዲት ልጅ ደውላ «ሒጃቤን ላውልቀው ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። አታውልቂው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ማሽን አጠገብ የሚፈለገው ጫፉ እንዳይንጠለጠል ብቻ ነው።

«ዓይን ለዓይን ካላያችሁ ውሸታም ትባላላችሁ»

ወሎ ውስጥ ያደገ ልጅ በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረግን የተማረው ከሕፃንነቱ ነው። ይህን የማያውቅ የኮሚቴ አባል በመካከላችን የለም። አንዳንዶች ግን ሥልጠና ወስደው ይመጡና ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ያፈጡብናል፤ እነሱም ይጨነቃሉ፣ እኛም እንጨነቃለን። የጠየቃችሁን ሰው መልስ ስትጀምሩ እዩት፣ ስትጨርሱም እዩት። በመካከል ለማሰብ ወደ ጠረጴዛው ብትመለከቱ ማንም አይቆጥርባችሁም።

«እንግሊዝኛ ያላቀላጠፈ ዋጋ የለውም»

ቦታው ይለያያል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኃላፊው የውጭ ዜጋ ከሆነ እንግሊዝኛ የሥራው አካል ነውና ተዘጋጁ። ሌላ ቦታ በተጠየቃችሁበት ቋንቋ መልሱ። በአማርኛ ጠይቀናቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱልን አሉ፤ የሚያውቁትን ሥራ ግማሹን ሳይነግሩን ይወጣሉ። አጭርና ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር፣ ረጅም ሆኖ መሃል ላይ ከሚጠፋ ይሻላል። ጥያቄው ካልገባችሁም «ይቅርታ፣ ቢደግሙልኝ» በሉ።

«‹አላውቅም› ካላችሁ አለቀላችሁ»

ከሁሉም በላይ ልጆቻችንን የጎዳው ይህ ነው። ምክሩ እንዲህ ይላል፦ መልሱን ባታውቁትም ዝም አትበሉ፤ ደረታችሁን ነፍታችሁ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ኮሚቴው የሚያየው ድፍረታችሁን ነው።

ኮሚቴው ማን እንደሆነ ግን አይነግሯቸውም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስንቀጥር ከጎኔ የሚቀመጠው የጥገና ክፍል ኃላፊው ነው። ሞተር በሌሊት ሲቃጠል ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው እሱ ነው። ስለዚህ የሚፈልገው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ የሚናገር ሰው ነው፤ ሳያውቅ የሚነካካ ሰው ምን እንደሚያደርስ በዓይኑ አይቷል።

አንድ ጊዜ ስለ ስታር ዴልታ ጠየቀ፤ ሞተሩ መጀመሪያ «ስታር» በሚባለው አገናኝ ተነስቶ ፍጥነት ሲይዝ ወደ «ዴልታ» የሚዛወርበት ዘዴ ነው። ሞተርን በዚህ መንገድ ማስነሳት ጥቅሙ ምንድን ነው? የማይሆነውስ የት ነው? መጀመሪያ የገባው ልጅ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «ለማንኛውም ሞተር ይሆናል፣ የመነሻ ኃይሉንም ይጨምራል» አለ፤ ቅንጣት ታህል አላመነታም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በስታር የሚነሳ ሞተር ከመስመር የሚስበው ከረንት በቀጥታ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። የመነሻ ጉልበቱም ግን አብሮ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከባድ ጭነት ይዞ ለሚነሳ ሞተር አይስማማም። ልጁ «ጥቅሙን አውቃለሁ፣ የማይሆንበትን ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ቢል ግማሽ ነጥብ ያገኝ ነበር። ዜሮ አገኘ፤ ከዚያም ብሶ ኃላፊው የቀሩትን መልሶቹን ሁሉ በጥርጣሬ ሰማቸው።

ከእሱ በኋላ የገባችው ልጅ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ስለ ከረንቱም ስለ ጉልበቱም በትክክል መለሰች። «ሶፍት ስታርተርስ?» (ሞተርን ቀስ በቀስ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው) ሲላት ትንሽ አሰበችና «በትምህርት ላይ አይቼዋለሁ፣ በእጄ ግን አገናኝቼው አላውቅም። ማኑዋሉን ካገኘሁ ተርሚናሎቹን ለይቼ መሥመሩን እዘረጋለሁ፤ ኃይል ከመስጠቴ በፊት ግን የሠራበት ሰው እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ» አለች። የተቀጠረችው እሷ ነች።

የሒሳብ ሠራተኞችም ዘንድ ያው ነው። ቀላል ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን የጡረታ መዋጮው ስንት ነው? ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ 700 እና 1,100፣ በድምሩ 1,800 ብር። ብዙዎች ሁለቱን ያገላብጣሉ፣ ያገላበጡትንም እንደ መሐላ ረግጠው ይናገሩታል። ቀጥዬ ስለ ደመወዝ ግብር ስጠይቅ ደግሞ 600 ብር ድረስ ነፃ የነበረበትን የድሮውን ሰንጠረዥ በቃላቸው የሚወርዱት አሉ። ሕጉ በ2017 ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን 2,000 ብር ደርሷል። «ሰንጠረዡ እንደተቀየረ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱን እርከን በቃሌ አልያዝኩትም፤ ፔሮል ከመሥራቴ በፊት አዋጁን አውጥቼ አያለሁ» ያለ ልጅ ግን አጋጥሞኛል። ፔሮል የምሰጠው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። የተሳሳተ ግብር ተቆርጦ የሠራተኛው እሮሮ የሚመጣው ወደ እኔ ቢሮ ነው።

በእርግጥ «አላውቅም» ብሎ አንገት ደፍቶ መቀመጥም መልስ አይደለም። እስከየት እንደምታውቁ ተናገሩ፣ የማታውቁት የት ላይ እንደሚጀምር ተናገሩ፣ ያንን እንዴት እንደምትሞሉት ጨምሩበት፤ ማኑዋል ታያላችሁ ወይስ ሰው ትጠይቃላችሁ? ይህን ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። የሥራ ማስታወቂያውን አንብቡና ከተዘረዘሩት ተግባራት የማታውቁትን አንድ ምረጡ፤ ስለ እሱ ብትጠየቁ የምትሰጡትን መልስ ለወንድም ወይም ለእህት ንገሩ። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ከመሸምደድ ይህ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

«ስለ ራስ መናገር ጉራ ነው»

ይህኛው ከአሠልጣኝ የመጣ አይደለም፣ ከቤት የመጣ ነው፤ ስለዚህ አያናድደኝም፣ ያሳዝነኛል። ራስህን አታንሳ፣ ሰው ያንሳህ ተብለን ነው ያደግነው። ለጎረቤት ጥሩ ነው። ኮሚቴው ግን ጎረቤታችሁ አይደለም፤ እናንተ ካልነገራችሁት የሚነግረው የለም።

ለዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ የመጣ ልጅ «በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ነበረ፣ አስተካከልነው» ብሎ አቆመ። «አንተ ምን ሠራህ?» ስለው «ከጓደኞቼ ጋር ነው» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ አሁንም ኃላፊውን አመሰገነ። ጊዜ ስለነበረኝ ገፋሁበት፤ በመጨረሻ የወጣው ነገር ይህ ነው፦ የእያንዳንዱን ዕቃ ቢን ካርድ (ዕቃው ዘንድ የሚቀመጠውን መመዝገቢያ) ቢሮ ከሚያዘው ስቶክ ካርድ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ያመሳከረው፣ አንዳንድ የወጪ ደረሰኞች ሁለት ጊዜ መመዝገባቸውንም ያገኘው እሱ ነበር። ተሰልፈው የሚጠብቁ ብዙ ተወዳዳሪዎች ባሉበት ቀን ቢመጣ ኖሮ ይህን ሳንሰማ እናሰናብተው ነበር።

«ኃላፊዬ ቆጠራው እንዲደገም ወሰነ፤ እኔ ካርዶቹን አመሳከርኩ፤ ስህተቱ የወጪ ደረሰኝ ላይ እንደሆነ አገኘሁ፤ ጓደኞቼ ዕቃውን ቆጠሩ።» እዚህ ውስጥ ጉራ የት አለ? የሌላውም ድርሻ አልተነካም። የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ አፓረንትሺፕ፣ የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ መያዝ፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይነገራል። ልምድ የለኝም የምትሉ ልጆች፣ ሰኞ ገበያ ከአባታችሁ ጋር እህል ስትሸጡ ዱቤውን የምትጽፉት እናንተ ከነበራችሁ እሱንም ንገሩን።

«ባዶ ዓመት ካለ ሸፍኑት»

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ሥራ አቆመ። ስንቱ ሠራተኛ ተበተነ፣ ስንቱስ የትምህርት ማስረጃውን አጣ። እና አንድ የዚህ አገር ልጅ ሲቪው ላይ የ2014ን ክፍተት ለመሸፈን የሌለ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ምን ልበለው? እኛም እዚሁ ነበርን። «ድርጅቱ ሥራ አቆመ፣ እኔም ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ፣ ስመለስ እስኪከፈት ጠበቅሁ» ማለት በቂ ነው። የተጻፈውን ለማረጋገጥ ስልክ እንደውላለን፤ የሐሰት የልምድ ወረቀት ከተገኘ እውነተኛው ልምዳችሁም አብሮ ይጣላል።

ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ መብት አለ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሥራ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀድሞ የሠራችሁበት ድርጅት ሥራውን ከቀጠለ፣ በጨዋ ማመልከቻ ጠይቁ። ሥራ ላይ ያላችሁም መልቀቅን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ አውጥታችሁ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

«አለቃ ለመምሰል መቆጣት ያስፈልጋል»

ከተቀጠሩ በኋላ የሚመጣው በሽታ ይህ ነው። ፈትል ክፍል አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣ። ማሽኑ አጠገብ ያረጁትን ኦፕሬተር በመጀመሪያው ሳምንት «አንተ» አላቸው፣ በሰው ፊትም ጮኸባቸው። ወሎ ውስጥ አባት የሚሆን ሰው «አንቱ» ነው የሚባለው፤ ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። እኒያ ሰው የማሽኑን ድምፅ ሰምተው የትኛው ቦታ ኩሽኔታ ሊሰበር እንደደረሰ የሚያውቁ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለመሐንዲሱ ምንም አልነገሩትም፤ እሱም ብልሽቱን የሚያውቀው ከቆመ በኋላ ሆነ። በእሱ ቦታ የመጣው ልጅ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ ማሽኗ ዛሬ እንዴት አደረች? ምን ይላሉ?» እያለ ይዞራል። ውሳኔ ላይ ግን አይለሳለስም። አንድ ቀን እኒሁ ሰው ማሽኑ ሳይቆም እጃቸውን ሊያስገቡ ሲሉ «አይሆንም ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቁም» ብሎ ማብሪያው ላይ ሄዶ ቆመ። ድምፁን አላነሳም፤ ማሽኑ ቆመ።

ሴት ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ «ካልጨከንሽ አይሰሙሽም» እየተባሉ ነው የሚላኩት። የተሰፋውን ልብስ አንስታ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በእጇ የምታሳይ ሱፐርቫይዘርን ሳትጮህም ይሰሟታል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ድምፅ ቢቆራረጥ ነጥብ አይቀነስም፤ ከኮሚቴው አንዱ «አብሽር» ማለቱ አይቀርም፣ ውኃ ጠጡና ቀጥሉ። ከፍተኛ ሲጂፒኤ ለጥሪ ያበቃል፣ መልስ አይሆንም። «ሁሉም በዘመድ ነው» ለሚሉት፣ በዘመድ የሚሠራ ቦታ የለም ብዬ አልዋሽም። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ አባል ነጥቡን ለብቻው ይጽፋል፤ ተስፋ ቆርጦ ገብቶ በሁለት ቃል የሚመልስን ሰው ነጥብ ልሰጠው ብፈልግ እንኳ የምይዘው ነገር የለኝም።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» ማለት ጨዋነት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ደመወዙ ካልተነገራችሁ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ፈረቃ እንዳለው ጠይቁ፤ የሙከራ ጊዜውን ጠይቁ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስማማትን ይፈልጋል፣ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ የለበትም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ አይደለህም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት ስላለ ቀድሞ ማወቁ ለእናንተ ነው። ይህን በመጠየቁ ነጥብ የተቀነሰበት ተወዳዳሪ እኔ በተቀመጥኩበት ኮሚቴ አላየሁም።