የሌላ ስልቻ ዱቄት

ባለፈው ሳምንት ከእኛ ጋር ሥራ የጀመረ አንድ የአገሬ ልጅ፣ የመጀመሪያውን ጆንያ ሽንኩርት ልጦ ሳይጨርስ፣ አብራን ለምትሠራው የኤል ሳልቫዶር ሴት በስፓኒሽ «እኛ አሪና ዴ ኦትሮ ኮስታል ነን» አላት። ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀና አለችና «ምን አደረግሁህ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ደነገጠ። በእሱ ቤት ወዳጅነት ማሳየቱ ነበር። «ኮስታል» የባሕር ዳርቻ መስሎት፣ አባባሉን «ከሌላ ዳርቻ የመጣን ዱቄት ነን» ብሎ ፈትቶታል፤ ሁላችንም ስደተኞች ነን ማለቱ ነው። እሷ የሰማችው ግን «የሌላ ስልቻ ዱቄት ነን»፣ ማለትም «እኛና እናንተ አንድ ላይ አንቆጠርም» የሚል ነው።

የምንሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ነው። በዚህ አካባቢ ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ሕዝብ ከሌላው አገር ስደተኛ ሁሉ ስለሚበልጥ፣ ኩሽና የገባ ሐበሻ እንግሊዝኛውን ሳያቃና ስፓኒሹን ይለምዳል። እኔም የለቀምኩት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ «ከኋላህ ነኝ» እና «ይፋጃል»፣ ቀጥሎ ስድቡ፣ ተረቱ ከሁሉ መጨረሻ። ይህ ልጅ ግን በስልኩ እያጠና ከተረቱ ጀመረ።

ኮስታል ስልቻ ነው፤ እንደ እኛው ከቆዳ ሳይሆን ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ፣ እህል የሚጫንበት። ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ዛሬ የገበያ ቃል ነው። በስፔን ግን «ሳኮ» የሚለው ቃል እየገፋው ሄዶ፣ ጎልቶ የሚሰማው በዚህ አባባልና በሰሙነ ሕማማት ሰሞን ነው። በሴቪያ ከተማ በዚያ ሳምንት ሰልፍ ከባዱን የሐውልት መድረክ ከሥር ሆነው በማጅራታቸው የሚሸከሙት ሰዎች ኮስታሌሮ ይባላሉ፤ ከራሳቸው እስከ ማጅራታቸው ጠቅልለው የሚያስሩት ጨርቅ ደግሞ ራሱ ኮስታል ነው። የቃሉ ሥር በላቲን ጎድን ማለት ነው። የሚገርመው፣ የባሕር ዳርቻ የሚባልበት «ኮስታ»ም ከዚያው ጎድን መውጣቱ ነው፤ የምድር ጎን እንደ ማለት። ስለዚህ ልጁ የተሳሳተው ከነዝምድናው ነው። ተከራክሮኝ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ነጥብ አልነፍገውም ነበር። «አሪና» ዱቄት ነው፤ ሲጻፍ ፊት ያለችው «ሀ» አትነበብም፣ «ሃሪና» የሚል ሰው ወዲያው ይታወቃል።

የስፔን ገበሬ ስንዴውን በኮስታል ሞልቶ፣ በአህያ ጭኖ፣ ወንዝ ዳር ወዳለው የውሃ ወፍጮ ይወርድ ነበር። ሳሞራ ከተማ አጠገብ፣ ዱዌሮ ወንዝ ውስጥ እንደ መርከብ ተገትረው የቀሩ የድንጋይ ወፍጮ ቤቶች ዛሬም ይታያሉ። ክፍያው ገንዘብ አልነበረም፤ ወፍጮ ፈጪው ከእህሉ ሰፍሮ ድርሻውን ያነሣል። ያ ድርሻ «ማኪላ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መስፈሪያ ማለት ነው። ሰፋሪው ራሱ ተከፋይ በሆነበት ቤት ጥርጣሬ አይጠፋምና፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ወፍጮ ፈጪ ብትቀይር ከሌባ አታመልጥም» ይላሉ። ዛሬ ማኪላ የሚባለው በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ የሰው ጨርቅ ሰፍቶ፣ የሰው ዕቃ ገጣጥሞ መልሶ የሚልክ ፋብሪካ ነው። ቢላዋዋን ያስቀመጠችው ሴትዮ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት እንዲህ ያለ ማኪላ ውስጥ ሸሚዝ ስትሰፋ ኖራለች። እነሱ «ዶኛ» ብለው ያከብሯታል፤ እኔ በሆዴ እትዬ እላታለሁ።

የእኔ ወፍጮ ቤት ጎጃም ውስጥ ነው። በናፍጣ የሚሠራ፣ ድምፁ እስከ ወንዙ ድረስ የሚሰማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፍ የማስፈጨቱ ዕዳ የእኔ ነበር። የእናቴ ትእዛዝ ሁለት ነው፤ ከበቆሎ ቀጥለህ እንዳታስፈጭ፣ ጆንያውን ከዓይንህ እንዳታርቅ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የቀረ የሰው በቆሎ ነጩ ጤፋችን ውስጥ ከገባ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሁለተኛው የገባኝ የተሳሳትኩ ዕለት ነው። ወረፋው ቢረዝምብኝ ብይ ልጫወት ወጣሁ። ስመለስ ጋሼ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰው ወፍጮ ፈጪ፣ ሦስት ጆንያ ግድግዳው ሥር ደርድሯል። እጄን እያስገባሁ ዳበስኩ። ሦስቱም ይሞቃሉ፣ ሦስቱም ነጭ ናቸው፣ ሽታቸውም አንድ ነው። እንባዬ መጣ። ጋሼ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዱቄቱን ምን ታየዋለህ፣ ጆንያውን እይ እንጂ!» አለኝ። ከጆንያዎቹ በአንዱ ታች፣ አይጥ የበሳውን ቀዳዳ እናቴ በሰማያዊ ክር ጥፋዋለች። ያ ክር ባይኖር የሰው ዱቄት ተሸክሜ ቤቴ እገባ ነበር።

እንግዲህ አባባሉ ለእኔ የተፈታው በጋሼ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ከሚወዳደርበት ነገር እጅግ የተለየ» ብሎ ያልፈዋል። «እጅግ» የምትለዋ አትዋጥልኝም። እጅግ የተለየ ነገር ለማለት የፈለገ ሰው ዱቄትን ምን አስመረጠው? ዱቄትማ ዓይን የማይለየው ነገር ነው፤ የሚለየው ስልቻው፣ የስልቻው ባለቤት፣ የባለቤቱ ሒሳብ ነው። በእኔ ግምት አባባሉ የተወለደው በስፔን፣ አንድ የካስቲያ አውራጃ ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ የጎረቤቷን ዱቄት ሊያሸክማት ከሞከረ ወፍጮ ፈጪ ጋር በተጣላች ሴት አፍ ነው። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ ያለኝ የአይጥ ቀዳዳ ብቻ ነው። እንዲያውም የሚቃወመኝ አለ፤ ከ1,900 ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበረ የሮማ ባለቅኔ «የእኛ ዱቄት» ብሎ ስለ ሰው ወገን ተናግሯል፤ ወፍጮ ቤትም ስልቻም አላነሣም። እኔ ግን ስልቻውን የጨመረው ወረፋው ነው ብያለሁ፤ ከዚህም አልነቃነቅም።

እትዬን ስጠይቃት ሳቀች። በእነሱ መንደር ወፍጮ ቤት የሚኬደው ንጋት ላይ፣ በኖራ ውሃ የተቀቀለ በቆሎ በገበቴ ይዞ ነው። የሚወጣው ሊጥ ነው፤ ሊጥ ደግሞ በስልቻ አይያዝም። አባባሉ ከስንዴው ጋር ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ስልቻውን ይዞ ቀረ ማለት ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። «ምግብ ማብሰል ትችላለች፤ ምግብ ቤት ማስተዳደር ግን የሌላ ስልቻ ዱቄት ነው።» ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዱን የቻለ ሌላውንም የቻለ ይመስለዋል፤ አባባሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእኛው «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» ተቃራኒው ነው፤ ስሙ ተለያየ እንጂ ነገሩ ያው ነው ይላል። አንድ የአገሬ ሰው ሁለቱን አቻ ናቸው ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼ ምሳዬ አልወርድ ብሎኛል።

ከልጁ ስህተት ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ቋንቋውን አውቀው የሚያበላሹት ናቸው። አሁን አሁን ይህ አባባል የጥያቄ መዝጊያ ሆኗል። ባለፈው ዓርብ ከደመወዛችን የጎደለውን የትርፍ ሰዓት ጠየቅን። አለቃው ስለ ሥራው ብዛት ለሩብ ሰዓት ሲያመሰግነን ከቆየ በኋላ «ያማ አሪና ዴ ኦትሮ ኮስታል ነው» ብሎ ሊነሣ ሆነ። እትዬ የሰዓት መመዝገቢያውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጣቷን አሳረፈችበት። «ዴል ሚስሞ ኮስታል» አለችው፤ ከዚያው ስልቻ። ልጁ ከኋላዬ ሆኖ «ምን አለችው?» እያለ እጅጌዬን ይጎትታል። ሽንኩርቱን ጨርስና እነግርሃለሁ አልኩት።