ሉፕ ክሎዠር ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንዱ የቡድናቸውን የዋሻ ሰርቬይ (ለካርታ የሚደረግ ልኬታ) ሲያቀርብ «ሉፓችን በ0.5 በመቶ ነው የዘጋው፣ ስለዚህ ካርታችን 99.5 በመቶ ትክክል ነው» አለ፣ ሌላው ደግሞ ተቀብሎ «የቀረችውን ሶፍትዌሩ ያስተካክላታል» አለው። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ይሄን ነገር ደግሞ በየኤክስፔዲሽኑ ሪፖርት ላይ እያየሁት ስለሆነ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ ራሱ ቀላል ነው። ከአንድ ስቴሽን (የመለኪያ ነጥብ) ተነስታችሁ በአንዱ መተላለፊያ እየለካችሁ ሄዳችሁ በሌላው ዞራችሁ እዛው ስቴሽን ላይ ስትገጥሙ ሉፕ ዘጋችሁ ይባላል፣ ሌጎቹም (ከስቴሽን ስቴሽን ያሉት ልኬቶች) ተደምረው ዜሮ መምጣት ነበረባቸው። አይመጡም። የሚቀረው ክፍተት የክሎዠር ስህተት ይባላል፣ ለሉፑ ርዝመት ሲካፈል ደግሞ ያቺ ሁሉም የሚወዳት መቶኛ ትወጣለች።

አንድ ገንዘብ ያዥ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ አስቡት። መዝገቡና ካዝናው ከተስማሙ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን እያንዳንዱ ደረሰኝ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ አንዱ ላይ የበዛው ሌላው ላይ ከጎደለው ጋር ተጣፍቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ ጎደለ እንበል። ገንዘብ ያዡ የተሳሳተውን ደረሰኝ ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ጉድለቱን በ100 ደረሰኝ ላይ ትንሽ ትንሽ አርጎ ቢያከፋፍለው መዝገቡ ይዘጋል። ቅድም 99 ትክክለኛና 1 የተሳሳተ ደረሰኝ ነበረው፣ አሁን ግን 100ውም ተሳስተዋል። «ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል» ማለት በቃ ይሄ ነው። ሰርቬክስና መሰሎቹ የዋሻ ሰርቬይ ሶፍትዌሮች የሚሰሩት በሊስት ስኩዌርስ (ክፍተቱን በሌጎቹ ላይ በሚያከፋፍል ስሌት) ነው፣ ይሄ ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱ ሌግ ላይ ያለው ስህተት ትንሽና ድንገተኛ (አንዴ የሚበዛ አንዴ የሚያንስ) ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ለእንደዛ አይነቱ ስህተት ከሱ የተሻለ የለም። ግን አንድ ሰው 67ን 76 ብሎ ከጻፈ፣ ወይም ኮምፓሱን በ180 ዲግሪ ገልብጦ ካነበበ፣ ወይም ክሊኖው (የተዳፋት መለኪያው) ላይ ከዲግሪው ይልቅ የመቶኛውን ስኬል ካየ ያ ድንገተኛ ስህተት አይደለም፣ ግድፈት ነው። ግድፈት ይፈለጋል እንጂ አይከፋፈልም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መዝገቡ አለምንም ጉድለት የሚዘጋበት ስህተት ነው። ገንዘብ ያዡ የሚቆጥርበት ማሽን 100ውን ሁሌም 102 የሚል ከሆነና ገቢውንም ካዝናውንም በሱ ከቆጠረ ማታ ላይ ልዩነት አይኖርም፣ ግን ሁሉም ቁጥር ውሸት ነው። ዋሻ ውስጥም እንደዛው ነው። ቴፓችሁ 2 በመቶ ከተለጠጠ ሉፑ ይዘጋል፣ ዋሻው ብቻ በሙሉ ተለክቶ ያንሳል። ኮምፓሳችሁ ሁሌም 3 ዲግሪ ከሳተ ሉፑ አሁንም ይዘጋል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሌግ እኩል ስለዞረ ቅርጹ አልተቀየረም፣ ዋሻው በሙሉ ግን በመግቢያው ዙሪያ ዞሯል፣ እና ከመግቢያው በቀጥታ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጫፍ ወደ 52 ሜትር ቦታውን ይስታል። ከላይ ሜዳው ላይ ሁለተኛ መግቢያ የሚፈልግ ሰው ወይም ከጎን ያለው ዋሻ ጋር ሊገናኝ ነው ብሎ የሚቆፍር ቡድን 52 ሜትር ሲስት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መቶኛዋ ግን ዜሮ ነች።

«እኛ ባክሳይት እናነባለን» (ሌጉን ከሌላኛው ጫፍ ወደኋላ ደግመን እናነባለን) የሚለኝ አለ። አንብቡ፣ በጣም ይጠቅማል፣ ግን ለዚህ አይደለም። ባክሳይት የአነባበብ ግድፈትንና የራስ መብራት ወይም ብረት ኮምፓሱን የሳበበትን ቦታ ያሳያችኋል። ኮምፓሱ ራሱ ሁሌም 3 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ ግን ወደፊትም ወደኋላም ሲነበብ እኩል ነው የሚጨምረው፣ ልዩነቱ 180 እንደሆነ ይቀራል። ክሊኖ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ምልክቱ ስለሚገለበጥ የሁለቱ ድምር ዜሮ ካልመጣ ወዲያው ይታወቃል። የክሊኖ ስህተት ሉፕም ላይ ይወጣል፣ 400 ሜትር ሉፕ ላይ ሁሉም ሌግ በአንድ አቅጣጫ ከተነበበ 1 ዲግሪ የሳተ ክሊኖ ከፍታው ላይ ወደ 7 ሜትር ክፍተት ይሰጣል (አንዱን ሌግ ወደፊት አንዱን ወደኋላ እያፈራረቁ የሚያነቡ ግን ስህተቱ ስለሚጣፋ ላያዩት ይችላሉ)። ዲስቶኤክስ (ርዝመት፣ አቅጣጫና ተዳፋት ባንዴ የሚለካ ኤሌክትሮኒክ መሳሪያ) ለምትጠቀሙ ደግሞ ካሊብሬሽኑ ሲበላሽ ስህተቱ እንደ አቅጣጫው ስለሚለያይ ከፊሉ ሉፕ ላይ ይታያል ከፊሉ አይታይም። ስለዚህ የኮምፓስ ስህተት የሚያዘው ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ ከብረት ርቃችሁ አቅጣጫው በሚታወቅ መስመር ላይ ሁሉንም መሳሪያ በመፈተሽ ነው፣ ለዚህም ነው የመሳሪያው ቁጥር በየቀኑ ደብተሩ ላይ ይጻፍ ብዬ የምጨቀጭቀው፣ ሁለት ቡድን በሁለት ኮምፓስ አንድ ሉፕ ከሰራ የትኛው ሌግ በየትኛው እንደተነበበ ሳይታወቅ ማረም አይቻልም።

መቶኛዋ ራሷም ታሳስታለች። አንድ ሌግ 10 ሜትር ነው፣ ድንገተኛ ስህተቱ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ድንገተኛ ስህተት የሚያድገው በሌጎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሆነ 4 ሌግ ያላት 40 ሜትር ሉፕ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ትስታለች፣ ይሄ 0.75 በመቶ ነው፣ ምንም ችግር የለባትም። 100 ሌግ ያለው የ1 ኪሎ ሜትር ሉፕ ግን መሳት ያለበት ወደ 1.5 ሜትር ማለትም 0.15 በመቶ ነው። 5 ሜትር ከሳተ 0.5 በመቶ ይሆናል፣ ሰውየው የኮራበት ቁጥር ማለት ነው፣ ነገር ግን ከሚጠበቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ውስጡ ግድፈት አለ ብዬ ነው የምነሳው። ሰርቬክስ በሚያወጣው የስህተት ፋይል ላይ ክፍተቱ ከሚጠበቀው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ አግድሙና ቁመቱም ለየብቻ ተጽፏል፣ እሱን አንብቡ። አግድሙ ደህና ሆኖ ቁመቱ ብቻ ከፍ ካለ ክሊኖውን ጠርጥሩ፣ ብዙ ጊዜ ፕላስና ማይነስ የተቀያየረ ሌግ ይገኛል።

ደግሞ አለ «የኛ ዋሻ ምንም የክሎዠር ስህተት የለበትም» የሚል። ሉፕ ስለሌለው ነዋ! ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ዋሻ የሚፈተሽበት ነገር የለውም። ሉፕ ባለው ዋሻም ቢሆን ከሉፑ ወጥቶ የሚንጠለጠለው መተላለፊያ አልተፈተሸም፣ አዲስና ሩቅ የሆነው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ነው ያለው።

ኤክስፔዲሽን ለምታዘጋጁ፣ ዳታው የሚገባው እዛው ካምፕ በዛው ማታ ነው፣ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ አይደለም። ግድፈቱ ሌሊት ከተገኘ ጠዋት ገብቶ 5 ሌግ መድገም ይቻላል፣ ከወር በኋላ ከተገኘ ግን ያላችሁ አማራጭ ማከፋፈል ወይ መገመት ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ስትሰሩ የመጨረሻዎቹን ቀናት በሙሉ ለአዲስ ፍለጋ አትስጡ፣ ሰውም ገመድም ለድጋሚ ልኬታ አስቀሩ። የተሳሳተ ሌግ ሲገኝ አታጥፉት፣ የመጀመሪያው ንባብ ፋይሉ ውስጥ ይቆይና ለምን ከስሌቱ እንደወጣ ማን መቼ እንዳወጣው አጠገቡ ይጻፍ። ዲክሊኔሽንንም (በማግኔቲክ ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት) በእጅ ደምራችሁ አታስገቡ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ንባብ እንዳለ ይግባ፣ ቀኑ ይጻፍ፣ ሶፍትዌሩ ያርመው፣ ምክንያቱም ማግኔቲክ ሰሜን በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ የዛሬ 20 ዓመት ከተሰራው ሰርቬይ ጋር ስታገናኙት አንዱ ታርሞ አንዱ ሳይታረም ከሆነ ግድፈት የሌለበት ሉፕ አልዘጋም ይላችኋል። ሪፖርት ላይ ደግሞ መቶኛዋን ብቻዋን አታስቀምጡ፣ የሉፑን ርዝመት፣ የሌጎቹን ብዛት፣ አግድሙና ቁመቱ በሜትር ስንት ስንት እንደሳቱ እና መሳሪያው በምን ቀን እንደተፈተሸ አብራችሁ ጻፉ።